ጩኸት የሌለበት መርዶ

ድሬ ዳዋ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለትርሲት፣ አዳማ

እንዴት ሰነበትሽልኝ? እኛ ደኅና ነን። ሽመክትም ደኅና ነው፤ ሙሽሪት ልጃችንማ ምን ትሆናለች። ታኅሣሥ ገብቶ እንኳ ቀን ቀን ላቡ አልለቀቀንም እንጂ ሌላ የሚያስከፋን የለም።

ደብዳቤሽን አኒስ ትናንት ከባቡር እንደወረደ ቤት ድረስ አመጣልኝ። ያው የጎረቤቴ የዚነት ወንድም ነው፤ አሁን ባቡሩ ላይ አስተናጋጅ ሆኗል። ፖስታውን ሳየው ሳቄ መጣ። አባባ ምድር ባቡር ሲሠራ ለእማማ ወረቀት የሚልከው በባልደረቦቹ እጅ አልነበር? ይኸው በስልክ ዘመን እኛም ወደዚያው ተመለስን። ግን ጉሮሮ ቢታመም ድምፅ እንዴት ሦስት ሳምንት ሙሉ ይዘጋል? በደወልኩ ቁጥር ቡልቻ ያነሳና «ሐኪሙ አትናገሪ ብሏታል» ይለኛል። የሱም ድምፅ ቅዝቅዝ ብሏል፤ አንቺን ማስታመም ባልሽን አድክሞት ይሆናል። እኔ ብሆን በሦስተኛው ቀን አፌ ተዘግቶ እሞት ነበር። ማርና ዝንጅብል ውሰጂ። አብሽሪ፣ ያልፋል።

አሁን ወሬ ልንገርሽ። ሠርጉ ጥር 25 እሑድ እንዲሆን ተቆረጠ። ዳግምን ብታይው ትወጂዋለሽ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የማሽን ጥገና ነው የሚሠራው፤ ጥፍሩ ውስጥ ግራሶ አይጠፋም፣ አፉ ግን ንጹሕ ነው። እናቱ ናት ትንሽ የምታስቸግረው። በሽምግልናው ማግስት ቤታችን መጥታ ቁጭ ሳትል «ልጅቷ ጤናዋ እንዴት ነው? በዘራችሁ በሽታ የለም መቼም» አለችኝ። እኔም «እንደ ብረት ናት» አልኳት። ሴትየዋ ሚስት ሳይሆን መኪና የምትገዛ ነው የሚመስለው።

ለዚህ ነው አንቺም «ስምረት ወድቃ ታውቃለች ወይ» ብለሽ ስትጽፊ የገረመኝ። ማን ምን ብሎሽ ነው? የኔ ልጅ አትወድቅም። ፈተና እንኳ አልወደቀችም። እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ በወረቀት አይጻፍ፤ ወረቀት ማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም።

ልጅሽን ፍራኦልን ንገሪልኝ፤ ስልኩ አይሠራም። ሚዜ ነው፣ የሱፉን ልክ እፈልጋለሁ። ባለፈው ዓመት ሲመጣ ትከሻው የአባባን አክሎ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሰፍቶ ይሆናል። «አክስቴ፣ በስምረት ሠርግ አንቺን ካላስጨፈርኩ ስሜ ፍራኦል አይደለም» ብሎኛል። እኔም ጉልበቴን እየቀባሁ እየጠበቅኩት ነው።

ትናንት ከዚነት ጋር ቀፊራ ገበያ ሄደን ጨርቅ ስንመርጥ «ይሄ ለፍራኦል ሱፍ አይሆንም?» ብላት ዓይኗ እንባ ሞላ። «ምነው?» ስላት «ሽንኩርት ነው አቦ» አለችኝ። ጨርቅ ተራ ላይ ሽንኩርት ከየት መጣ? ወላሂ ይቺ ሴትዮ አርጅታለች።

ድምፅሽ ሲመለስ መጀመሪያ ለኔ ደውዪ።

አሰገደች

*

አዳማ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ አሰጉ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ደጋግሜ አነበብኩት። ዘግይቼ ስለምመልስ ይቅር በይኝ፤ እጄም እንደ ጉሮሮዬ ሰንፏል።

ስለ ሱፉ አትቸኩዪ። ፍራኦል ለቅየሳ ሥራ ራቅ ያለ ቦታ ነው፤ ኔትወርክ የለም። ሌላ ሚዜ ቢዘጋጅ ሳይሻል አይቀርም።

ስምረት አትወድቅም ስላልሽኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትንሽ ተነፈስኩ። ግን አንድ ነገር ልለምንሽ። ቤተ ክርስቲያን የምትጠይቀውን የደም ምርመራ ሊሰጡ ሲሄዱ፣ በዚያው የልብም ታስነሣ። ደረቷ ላይ ሽቦ ይለጥፋሉ፣ ወረቀት ይወጣል፣ አሥር ደቂቃ አይፈጅም፣ አያምም። እዚህ ያሉ ሙሽሮች ሁሉ እያደረጉት ነው። እህትሽ ጨነቃት ብለሽ አድርጊልኝ።

ትርሲት

(የዚህ ደብዳቤ ሁለተኛ ቅጠል አልተላከም። ትርሲት ከፖስታው አውጥታ አስቀርታዋለች። እንዲህ ይላል፦)

እትዬ፣ ፍራኦል ሞቷል። ኅዳር 12 ቀን፣ ጠዋት፣ ከአልጋው ሊነሣ ሲል። አልታመመም፣ አልጠጣም፣ ማንም አልነካውም። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። ድምፄ የተዘጋው ሳለቅስ ነው።

ዶክተሩ «በእናት በኩል በወጣትነቱ በድንገት የሞተ አለ ወይ?» ሲለኝ ወንድማችን ወልደ ማርያም መጣብኝ። ዋና የሚችል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ በደረት ልክ ውኃ ሲሞት ጂኒ ነው አላልንም? ዶክተሩ ጻፈና እኔንም መረመረኝ። ልብ ቅርጿ ደኅና ሆኖ ምቷ ብቻ የሚሳሳት ሕመም አለ፤ በዘር ይተላለፋል፤ ወረቀቱ እኔም ላይ አሳይቷል። «የእናትየው እህቶችና ልጆቻቸው ሁሉ ይመርመሩ። ድንገት ወድቆ የሚያውቅ ካለ ነገ ዛሬ ሳትሉ አምጡት» አለ።

ለቀብር ለመጣው ለሽመክት ነገርኩት። እሱና ሽማግሌዎቹ ተመካከሩና «የሙሽራ ቤት መርዶ አይገባም። ከሠርጉ በኋላ አሰገደችም ትረዳለች፣ ልጅቷም ትመረመራለች» አሉ። «ወድቃ ታውቃለች?» ስለው «እኔ አባቷ ነኝ፣ ወድቃ አታውቅም» አለኝ። አንቺም አትወድቅም አልሽ። እንግዲህ ሁለታችሁንም አምኜ ዝም ልል ነው። መልካም እያደረግሁ ይሁን ክፉ አላውቅም።

*

ድሬ ዳዋ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለትርሲቴ፣

እንኳን ለቁልቢ ገብርኤል አደረሰሽ! ሄጄ መጣሁ። ሰዉ ከአምና በዝቶ ነበር፤ ጃንጥላዬን አስገብቼ፣ ስለቴን አድርሼ፣ በሰው መሐል ተጨፍልቄ ጫማዬን አንድ እግር ጥዬ ተመለስኩ። ሽመክት «አንዱን ለምን ይዘሽ መጣሽ?» አለኝ። ለሚቀጥለው ዓመት ነዋ፤ ቁልቢ ሄጄ አስማማዋለሁ።

ሽመክት በዚህ ሰሞን ግን ተለውጧል። ጠዋት ጠዋት ሲጸልይ እሰማዋለሁ። ቀና ብዬ ሳየው ዓይኑን ይሰብራል። ኅዳር ላይ ለሥራ ብሎ አራት ቀን ከሄደ ወዲህ ነው። ልጁን ሊድር ስለሆነ ሆዱ ባብቶ ነው ብዬ ተውኩት። የእድሩም ሴቶች እንዲሁ፤ አንዷ ገብስ ትቆላለች፣ አንዷ ሽሮዬን ታስፈጫለች፣ ዚነት «ቅመሙን ተይልኝ» ብላ ወስዳብኛለች። እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ። በሕይወቴ እንዲህ ተወድጄ አላውቅም።

ያልሽኝን ምርመራ በተመለከተ የደሙን ሰጥተው ሁለቱም ደኅና ናቸው ተብሎ ወረቀቱ ለቄሱ ደርሷል። የልቡን አላደረግንም። ልቧን ዳግም ከወሰደው ቆይቷል፤ ማሽኑ ምን ያገኛል? ደግሞ ለሐኪም ወረፋ ያዙ ሲሉን፣ ከወረፋው መሐል የዳግም እናት የሥጋ ዘመድ ተቀምጣለች። «ለምን መጣችሁ?» ብትለኝ ምን እላታለሁ? ስምረትን እጇን ይዤ ወጣሁ። ስለዚህ ነገር ዳግመኛ አትጻፊልኝ፣ እባክሽ።

ደስ የሚለውን ልንገርሽ። አብዲራሺድ የሚባለው ሞንታርቦ አከራይ ሁለት ቁም ሣጥን የሚያካክል ድምፅ ማጉያ አምጥቶ ባለፈው እሑድ ግቢያችን ውስጥ ሞከረው። አቦ፣ ሰፈሩ ተነቃነቀ። የዚነት ዶሮዎች አጥር ዘለው ወጡ፤ አንዷ እስካሁን አልተመለሰችም። ስምረት ትንሽ ደክሟት ገብታ ተኛች እንጂ ሁላችንም ጨፈርን።

የፍራኦልን ቴሌግራም ብከፍተው «ከረጅም ጊዜ በፊት ታይቷል» ይላል። የት አገር ነው የላኩት? አለቃውን አናግሪው፤ ለአክስቱ ልጅ ሠርግ ፈቃድ የማይሰጥ መሥሪያ ቤት የለም። ሌላ ሚዜ አልፈልግም።

አሰገደች፣ የሙሽራ እናት

*

አዳማ፣ ጥር 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ አሰጉ፣

አትጻፊልኝ ብለሽኝ መልሼ ስለጻፍኩ አትቀየሚኝ። «ትንሽ ደክሟት ተኛች» ያልሽው ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ።

የራሴን ልንገርሽ፤ ለባሌም ነግሬ አላውቅም። ከዚራ ሰፈር እያለን የባቡሩ ፊሽካ አጠገቤ ሲጮኽ ወድቄ ለእማማ ፀሐይ መታኝ ያልኩት ፀሐይ አልነበረም። ከተዳርኩም በኋላ ሁለት ጊዜ ሆኗል። እንዳይፈታኝ ፈርቼ ደበቅኩት። ምን እንደሚያስፈራ አውቃለሁ።

አሁን በእማማ አፅም ይዤሻለሁ። ስምረት ድንገት የሆነ ነገር ሲጮኽ ወድቃ ታውቃለች? ስንት ጊዜ? ለማንም አልናገርም።

ትርሲት

*

ድሬ ዳዋ፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ትርሲቴ፣

አንብበሽ አቃጥዪው።

ሦስት ጊዜ። የመጀመሪያው ሰባተኛ ክፍል ሳለች፣ የትምህርት ቤቱ ደወል አጠገቧ ሲመታ። ሲጠሩኝ ስሄድ ነቅታ ቁጭ ብላ ነበር፤ «ምሳዋን ሳትበላ ነው» አልኩ። ሁለተኛው ከመልካ ጀብዱ በባጃጅ ስንመለስ የአንድ ከባድ መኪና ጎማ ጎናችን ፈነዳ። ጭኔ ላይ ተዘረረች። ከንፈሯ ሲጠቁር አየሁት፣ ትርሲት። ሽንቷ አመለጣት። ምን ያህል እንደቆየች አላውቅም፤ ለኔ አንድ ቀን ነው የመሰለኝ። ክሊኒክ ስወስዳት «የሚጥል በሽታ ይመስላል» አሉኝና ኪኒን ጻፉላት። የሚጥል በሽታ ያለባትን ልጅ ማን ያገባታል? ኪኒኑን ሁለት ወር ሰጥቼ ተውኩትና ጠበል አስጠመቅኳት። የቁልቢው ጃንጥላ የሠርጉ አይደለም፣ የዚህ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ምንም አልሆነችም ነበር።

ሦስተኛው የሞንታርቦው ዕለት ነው። ድምፁ ሲለቀቅ ጓዳ ገባች፤ ተከትያት ስገባ ወለሉ ላይ አገኘኋት። በሩን ዘግቼ ፊቷን በውኃ አበስኩና «ለማንም እንዳትናገሪ» አልኳት። እሷም «እሺ እማዬ» አለች። ከዚያ ወጥቼ ጨፈርኩ። ካልጨፈርኩ ይጠረጥራሉ ብዬ።

ሽመክትም አያውቅም። ያኔ ጅቡቲ መስመር መኪና ይነዳ ነበር፤ ሲመጣ ሁሉም አልፎ ነው የሚያገኘው። ልጁ እንደ ብረት ናት ብሎ ያምናል፤ ያሳመንኩት እኔ ነኝ።

አሁን ተራሽ ነው። ለምንድን ነው የምትጠይቂኝ? እኔ አወራለሁ እንጂ ጅል አይደለሁም። ፍራኦል የት ነው? ከእናቱ ጋር ተጣልቶ ነው? ታስሮ ነው? የሆነውን ንገሪኝ፣ እኔ ልጅሽን አላማም።

አንድ የሚያስቅ ነገር ልንገርሽና ላብቃ። ሽመክትና የእድሩ ሰዎች ከሠርጉ በኋላ የሆነ ነገር ሊያደርጉልኝ ነው። ግቢው ውስጥ ሲንሾካሾኩ «ከመልሱ በኋላ ሐሙስ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሙሽሮቹም እዚሁ ያድራሉ፣ ሁላችንም አንድ ላይ እንገባለን» ሲሉ ሰማኋቸው። ስጦታ ነው መቼም። ፍሪጅ ሳይሆን አይቀርም፤ የኔ ከሞተ ሦስት ወሩ። እንዳልሰማ ሆኛለሁ። ሲገቡ እንዴት እንደምደነግጥ ከአሁኑ እየተለማመድኩ ነው።

አሰጉ

*

አዳማ፣ ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፣

አኒስ ጣቢያ ድረስ ያስጠራሽ እኔ ስላልኩት ነው። ይህን ቤትሽ ውስጥ እንዳታነቢው። ጣቢያው ጥላ ሥር አግዳሚ አለ፤ ተቀመጪ። አኒስ ከአጠገብሽ አይርቅም። እሱም ያውቃል።

እንዲህ ያለ ነገር በወረቀት አይነገርም። ሰው ይዞ፣ ጎህ ሲቀድ፣ እየጮኹ ገብተው፣ ግራና ቀኝ ደግፈው ነው የሚነግሩት። ይህን ሁሉ ያስቀረሁብሽ ስለ ስምረት ነው። እትዬ፣ አትጩኺ። አንብበሽ ስትጨርሺም አትጩኺ። ቤት ስትገቢም አትጩኺ።

ፍራኦል ሞቷል። ኅዳር 12 ሞተ፣ በ13 ቀበርነው። ሽመክት ቀብሮታል። ዚነት ታውቃለች፣ እድሩ ያውቃል፤ ሠርግሽ እንዳይበላሽ ብለው ነው። ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ሊገቡ ያሰቡት ይህን ሊነግሩሽ ነው።

የዚያን ዕለት ለሥራ ፈተና በጊዜ ሊነሣ ብሎ ስልኩን ለአሥራ አንድ ሰዓት ሞልቶት ነበር። ደወሉን ከጓዳ ሰማሁት። ሲደወል ቆየ። «ፍራኦል፣ አጥፋው እንጂ» አልኩት ከዚያው ሆኜ። እጁ ስልኩ ላይ ደርሶ ነበር። ዶክተሩ «ሲወድቅ ድንገት የጮኸ ነገር ነበር?» ብሎ ሲጠይቀኝ ለምን እንደሚጠይቅ አልገባኝም ነበር። ይኼ በቤታችን ያለው ዓይነት ድንገተኛ ድምፅ የሚያስነሣው ነው፤ በተለይ ሰው ከእንቅልፉ ሲባንን። የወልደ ማርያም ነው፣ የእኔ ነው፣ የፍራኦል ነው። ደወሉ፣ ጎማው፣ ሞንታርቦው፤ የስምረትም እሱ ነው። የሚጥል በሽታ አይደለም።

አሁን ገባሽ? ሐሙስ ጎህ ሲቀድ አሥራ አምስት ሰው እየጮኸ ሲገባ ልጅሽ በዚያ ቤት ተኝታ ነው።

ጥፋቱ የኔ ነው። ኅዳር ላይ ልነግርሽ ይገባ ነበር። «የሙሽራ ቤት» ሲሉኝ ዝም አልኩ። አንቺም የራስሽን ደበቅሽ፤ አልፈርድብሽም። ግን የኔን አየሽ፤ የአንቺ ገና በእጅሽ ናት።

ነገ ውሰጃት። ስልኳን ከራስጌዋ አንሺ። ስለ ፍራኦል ሐኪሙ ሳያያት እንዳትነግሪያት፤ እንደ ወንድሟ ነው የምትወደው።

ይቅር በይኝ። አጠገብሽ ሆኜ አልደገፍኩሽም።

ትርሲት

*

ድሬ ዳዋ፣ ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ትርሲት፣ እህቴ፣

ሁለት ሳምንት ሙሉ ስላልጻፍኩ ይቅርታ አድርጊልኝ። ብዕር ስይዝ እጄ ስምሽን ይጽፍና ይቆማል።

አኒስ ጣቢያ ነይ ሲለኝ የሠርግ ስጦታ የላክሽልኝ መስሎኝ አዲሷን ሺቲዬን ለብሼ፣ ዕቃ መጫኛ ብዬ ባጃጁን አስቁሜ ነው የገባሁት። ወረቀቱን እዚያው አግዳሚው ላይ አነበብኩት። ሁለት ጊዜ። አልጮኽኩም። ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጠቅጥቄ ጥርሴ እስኪያመኝ ነከስኩት። አኒስ ፊቴ ቆሞ ራሱ ያለቅሳል። ባለ ባጃጁ ግራ ገብቶት «እናት፣ ዕቃው የታል?» ይለኛል። «የለም» አልኩት።

ከሽመክት ጋር የተባባልነውን አልጽፈውም። እሱ መርዶውን ደበቀኝ፣ እኔ የልጁን ሕመም ደበቅኩት፤ ማን ማንን ይወቅሳል? የስምረትን ስነግረው «ሐሙስ እኮ...» ብሎ አልጨረሰውም። ወንበሩን ይዞ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ሃያ ስምንት ዓመት አብሬው ስኖር እንዲያ ሲቀመጥ አይቼው አላውቅም። ዚነት ግን መጥታ እግሬ ሥር ወደቀች። «አሰጉ፣ ሁለት ወር ሙሉ ፊትሽን ማየት ፈራሁ። በየሱቁ ስለ ሱፍ ስታወሪ መሬት ብትውጠኝ እያልኩ ነው» አለችኝ። አነሣኋትና አብረን ተቀመጥን፤ ያንን ሁሉ ቅመም ማን ይበላዋል እያልን። እንደዚህ ያለ ጊዜም ሳቅ ይመጣል፣ እግዜር ይቅር ይበለን።

በማግስቱ ስምረትን ወሰድናት። ዶክተር ፊርዶስ የምትባል ወጣት ሐኪም ናት። ከማሽኑ የወጣውን ወረቀት ዘርግታ በማስመሪያ ለካች፣ ደግማ ለካች፤ ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ልብ ከመታች በኋላ ለሚቀጥለው ምት የምትዘጋጅበት ጊዜ አለ፤ የስምረት ልብ እሱ ላይ በጣም ትዘገያለች፤ በዚያ መሐል ድንጋጤ ሲመጣ ምቷ ይተራመሳል አለችን። «ማነው እስከ ዛሬ ያቆያት?» ብላ ጠየቀች።

ከዚያ እኔን አስተኛችኝ። እኔም ላይ አለ። እኔ ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ አንድም ቀን ወድቄ አላውቅም። ተሸክሜው ጨፍሬበታለሁ፣ ለልጄም አውርሼዋለሁ። «የዳግም እናት በዘራችሁ በሽታ የለም ወይ ስትለኝ እንደ ብረት ናት ያልኩት እኔ ነኝ» አልኳት ለዶክተሯ። «አላወቅሽም» አለችኝ። ግማሹን አውቅ ነበር፣ ትርሲት። አንቺም ግማሹን ታውቂ ነበር።

ጠዋትና ማታ የምትውጠው ኪኒን አዘዘችላት፤ ለኔም። ሌላ መድኃኒት ሐኪም ሳታማክር እንዳትወስድ፣ ደወልና ጩኸት እንዳይቀርባት፣ ኪኒኑን አንድ ቀን እንኳ እንዳትዘል። አዲስ አበባ ላለ የልብ ሐኪምም ጽፋልናለች። ዕድሜዋን ለመቶ ዓመት ዋስ አልሆነችልኝም። «ከትናንት ዛሬ ይሻላል» ነው ያለችው።

ለዳግም እናት ራሴ ሄጄ ነገርኳት። አልሰደበችኝም፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። «ደብቃችሁን» አለችና ወደ ጓዳ ገባች። እስካሁን አልወጣችም በይው። ዳግም ግን በማግስቱ ከሥራ ልብሱ ጋር ሐኪሟ ዘንድ መጣ። ልጅ ስለመውለድ ይጠይቃል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እሱ ግን ስትወድቅ ደረቷን እንዴት እንደሚጫን አሳዪኝ አላት። ዶክተሯ ትራስ ላይ አሳየችው። ትራሱን ሲጫን ላቡ ይንጠባጠብ ነበር። ሠርጉን ከፋሲካ በኋላ ብለናል። ይሁን አይሁን የናቱን አፍ ነው የምንጠብቀው።

የፍራኦልን ለስምረት የነገርናት ኪኒኑን ከጀመረች በዘጠነኛው ቀን፣ ከቀኑ አምስት ሰዓት፣ እዚያው የዶክተሯ ክፍል ውስጥ ነው። ሽቦው ደረቷ ላይ ነበር። እጇን ይዤ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ቃል በቃል። «መቼ?» አለች። «ኅዳር» አልኳት። «ሱፍ ስትመርጪለት ነበር እኮ እማዬ» አለችኝ። ከዚያ እኔን አቀፈችኝ። ላጽናናት ሄጄ እሷ ናት ያጽናናችኝ።

ለቅሶ ተቀመጥን። እንዲህ ያለ ለቅሶ ድሬ ዳዋ አይታ አታውቅም። ዚነት በሩ ላይ ወንበር አስቀምጣ፣ የሚመጣውን ሁሉ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ «እዚህ ቤት አይጮህም» እያለች ታስገባለች። የእድሩ ሴቶች ግድግዳውን ይዘው ተቀምጠው ነጠላቸውን እየነከሱ ይወዛወዛሉ። ደረት ሊመታ የተነሣ እጅ አየር ላይ ቆሞ ይመለሳል። አንድ ሽማግሌ አላስቻላቸው ብሎ ወጥተው ከሰፈሩ ማዶ ጮኸው ተመለሱ። አብዲራሺድ ሞንታርቦውን ሊወስድ መጥቶ ለአራት ሰው አሸክሞ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ሌባ ይመስል በጣቱ እየረገጠ ነው ያወጣው።

እኔ ግን ለፍራኦል ገና አላለቀስኩም። እንባውን አፍስሻለሁ፤ ለቅሶ ግን ያ አይደለም። ለሰማንያው የካቲት 1 እመጣለሁ። ስምረት ከአባቷና ከዚነት ጋር እዚህ ትቀራለች። አዳማ ስወርድ ቤት እንዳትወስጂኝ፣ ቀጥታ መቃብሩ ጋ ውሰጂኝ። እዚያ የሚያሳስበኝ ሰው የለም። ስሙን ጠርቼ እጮኻለሁ፤ አንቺም ድምፅሽ ከተመለሰ ትጮኺያለሽ፣ ካልተመለሰ እኔ የሁለታችንንም እጮኻለሁ። ከዚያ በኋላ የምንወቃቀሰው ካለ እንወቃቀሳለን። አሁን ልቆጣሽ እሞክርና «አትጩኺ» ያልሽው ይመጣብኛል። ልጅሽን ቀብረሽ ለኔ ልጅ የጻፍሽው ነው።

ነገ ሠርጉ ሊሆን የነበረበት ቀን ነው። ቀሚሷን ዚነት ቤት አስቀምጠነዋል።

ስልኳ አሁን እኔ ጋ ነው የሚያድረው። ጠዋት ጠዋት የምቀሰቅሳት በእጄ ነው። በባዶ እግሬ ገብቼ አልጋዋ ጫፍ እቀመጥና መጀመሪያ ትንፋሿን አያለሁ፤ ከዚያ እግሯን ከብርድ ልብሱ ላይ ቀስ እያደረግሁ እዳብሳለሁ። አንዳንድ ቀን ቶሎ ትነቃለች። አንዳንድ ቀን ትዘገያለች፤ ስትዘገይ የምሆነውን ላንቺ አልነግርሽም፣ ታውቂዋለሽ። ዓይኗን ስትገልጥ ሁልጊዜ «እማዬ፣ ምነው?» ትለኛለች። «ምንም፣ ነግቷል» እላታለሁ።

ዛሬም ነቃች።

እህትሽ አሰገደች